መጀመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ይገዛ፦ «ባሕር ዳር ጥናት ይበቃታል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙዎች የተቀባበሉት «ባሕር ዳር ጥናት ይበቃታል፤ ፈጠራ ይግባ» የሚለው ጽሑፍ አምስት ነገር ይላል። ጥናት መደርደሪያ ከማጣበብ ያለፈ ጥቅም አላስገኘም፤ የጣናን መጤ አረም፣ እምቦጭን፣ ማሽን ይጨርሰዋል፤ የሆስፒታል ወረፋ መፍትሔው የኤሌክትሮኒክ ካርድና አዲስ መሣሪያ ነው፤ የከተማው ባጃጅ በአንድ ዓመት ውስጥ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሁን፤ ለዓሣ አስጋሪውም ከአዲስ አበባ ገዥ ጋር የሚያገናኘው የስልክ መተግበሪያ ይሠራለት። ጽሑፉ ከቁጭት የመጣ ነው፤ ቁጭቱም ምክንያት አለው። ነገር ግን ጸሐፊው አምስቱንም ሐሳቦች ሲያቀርቡ አንድ ጥያቄ ዘለዋል፦ ሥራው የታነቀው የቱ ጋ ነው? ማሽን፣ ሶፍትዌር ወይም ባትሪ ማነቆው ላይ ካላረፈ ገንዘቡ ይወጣል፣ ወረፋው ግን እንዳለ ይቀጥላል። ማነቆውን ለይቶ መለካት ደግሞ ራሱ ተግባራዊ ምርምር ነው። ብዙ ጊዜም ከወረቀት፣ ከእስክሪብቶና ከሰዓት ያለፈ ወጪ አይጠይቅም።

ስለ መደርደሪያው ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው። ለመመረቂያ ተብሎ የተሠራና ለፈታኞች ከቀረበበት ቀን በኋላ ማንም ገልጦ ያላየው ጥራዝ በየዩኒቨርሲቲው ሞልቷል። ጥራዞቹ ሥራ ላይ የማይውሉት ግን ጥያቄው ከመጀመሪያውም ባለቤት ስላልነበረው ነው። መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት፦ በውጤቱ የሚወሰነው ውሳኔ ምንድን ነው፣ ወሳኙ ኃላፊ ማን ነው፣ ውሳኔውን የሚያስቀይረው ቁጥር ስንት ነው። ሦስተኛው ሲጻፍ ብዙ የጥናት ንድፍ ወዲያው ይፈርሳል። ቁጥሩ 10 ሆነ 90 ቢሮው ያንኑ የሚያደርግ ከሆነ መጠይቁን መበተን ድካም ብቻ ነው።

ደግሞስ ፈጠራ ሁሉ በሳጥን ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ ነው ያለው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴት ባለሙያዎችን በየገጠር ቀበሌው በደመወዝ ያሰማራው፣ ማሽን የለበትም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዲሁ። መድኑ እ.ኤ.አ. በ2011 አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው ወደ ሌላው የሰፋው። በጥቂት ቦታ መሞከርና ማየት፣ ከዚያ ማስፋት ማለት ይኸው ነው። ጸሐፊው «ጊዜ ማባከን» ያሉት ሥራ ዛሬ ባሕር ዳር ዙሪያ ያለ ገበሬ የመድን ደብተሩን ይዞ ሆስፒታል እንዲመጣ አድርጎታል።

ወደ እምቦጩ እንምጣ፤ የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን በብዛት የተንሰራፋውም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው፣ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ጸሐፊው የጎደለው አጫጅ ማሽን ነው ይላሉ። እስቲ ስሌቱን እንሥራው። ጥቅጥቅ ያለ እምቦጭ በአንድ ሄክታር በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ይመዝናል፤ ለስሌቱ 300 ቶን እንበል። 5 ቶን የሚጭን አይሱዙ ይህን ለማንሳት 60 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ይህ ለአንድ ሄክታር ብቻ ነው። 60 ያልነውም በቸርነት ነው። ያልተከተፈ እምቦጭ ቅጠሉና ግንዱ በአየር የተሞላ ስለሆነ መኪናው ክብደቱ ሳይደርስ ካሶኒው ይሞላል። ስለዚህ ማሽኑ በግማሽ ቀን የሚያጭደውን መኪናው በሳምንት አያነሳውም፤ ማሽኑም ሥራ ፈትቶ ይቆማል፣ ወይም ያጨደውን ዳር ላይ ይከምራል። ዳር ላይ የተከመረው ክረምት ሲመጣና ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ።

ማነቆው ማጓጓዙ ላይ መሆኑ ከታወቀ መፍትሔውም ይቀየራል። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። 95 በመቶ ብንል ከ300 ቶኑ ውስጥ ደረቁ 15 ቶን ብቻ ነው፤ ሩብ ያህል እርጥበት ይዞ ቢደርቅ 20 ቶን ይመጣል። 60 ምልልስ 4 ሆነ ማለት ነው። የደረቀው ደግሞ ቀላል ቢሆንም ቦታ ስለሚይዝ እንደ ጭድ ተጠቅጥቆ ካልታሰረ ምልልሱ እንደገና ይጨምራል። እንግዲህ ከአጫጁ በፊት የሚያስፈልገው የክረምቱ ውኃ ከሚደርስበት መስመር በላይ የተመረጠ ማድረቂያ ቦታ፣ መክተፊያ፣ ማሰሪያ፣ ከዚያም ከውኃው እስከ ማድረቂያው የሚያደርስ አጭር መንገድ ነው። እምቦጩ በስሱ ይሰጣ፤ ከጉልበት በላይ ከተቆለለ ከላይ ይደርቅና ከሥር ይበሰብሳል፣ ሥሩ የያዘው ጭቃም ሳይራገፍ ይቀራል። የውኃው መስመር የት ድረስ እንደሚመጣ የዳርቻው ገበሬ በእግሩ ሄዶ ያሳያል። ለዚህ ሳተላይት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ካለ ግን አይጎዳም።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ሙቀቱና ንጥረ ነገሩ ከተመቸው እምቦጭ በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል። 100 ሄክታር በ14 ቀን 200 ሆነ ማለት በአማካይ በቀን 7 ሄክታር ጨመረ ማለት ነው። በቀን ከዚያ በታች የሚያነሳ ማሽን፣ ሳይበላሽና ነዳጅ ሳይጨርስ እንኳ፣ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ «ስንት ማሽን?» ከመሆኑ በፊት «መቼና ከየትኛው ጠርዝ ይጀመር?» ነው። አዲስ የታየች ትንሽ መንጋ ሳትሰፋና ሳታብብ በእጅ መነቀል አለባት፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ይሠራል። አንዴ ካበበ ዘሩ ደለል ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። የጸዳ ዳርቻ ለዓመታት በየተወሰነ ሳምንት የሚመላለስበት ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ የማሽን ግዢ ሰነድ ላይ ግን የጠባቂ ደመወዝ የሚል መደብ አይገኝም።

ጸሐፊው ቪክቶሪያ ሐይቅን በማሽን ድል ምሳሌነት አንስተዋል። ምሳሌው የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ኒዮኬቲና የሚባሉ ሁለት ዓይነት ጢንዚዛዎች በኡጋንዳ በኩል እ.ኤ.አ. በ1995፣ በኬንያ በኩል በ1997 ተለቅቀው ነበር። ያደገው ጢንዚዛ ቅጠሉን ይፍቃል፣ ገና ትል የሆነው እጭ ግንዱን ይቦረቡራል፤ ተክሉ ውኃ እየገባበት ይሰምጣል። ውኃውን የሸፈነው የእምቦጭ ምንጣፍ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ በእጅጉ ሲቀንስ በዚያው ዘመን የነበረው የኤል ኒኞ ነፋስና ማዕበልም አግዟል። ጢንዚዛው ቶሎ አይሠራም፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈልጋል፣ ሌላ ሰብል እንደማይበላም አስቀድሞ መፈተሽ አለበት። ማሽኑ ጢንዚዛው የሚራባበትን ተክል ባጨደ ቁጥር ደግሞ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። የቱን ዳርቻ ለማሽን፣ የቱን ለእጅ፣ የቱን ለጢንዚዛ እንደምንተው በካርታ ላይ ሳይወሰን ግዢ መጀመር ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ። ጸሐፊው እንደሚሉት ወረፋው የሚረዝመው ካርዱ ወረቀት ስለሆነ ነው። ወረፋ የራሱ ሒሳብ አለው፤ አስቸጋሪም አይደለም። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ፣ በቦታው ያለው ሰው ቁጥር በሰዓት ከሚመጣው ሰው ቁጥርና አንዱ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው ይላል። በሰዓት 60 ታካሚ የሚመጣበት ተመላላሽ ክፍል አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ 90 ሰው ካለ አንዱ በአማካይ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ይህን ለማወቅ ራስ መቁጠር ይበቃል።

አንድ የካርድ ክፍል መስኮት በቅርበት እንይ። አንድ ሰው ለማስተናገድ በአማካይ 5 ደቂቃ ከፈጀ መስኮቱ በሰዓት 12 ሰው ያስተናግዳል። ታካሚው ያለ ቀጠሮ በፈለገው ሰዓት ቢመጣና በሰዓት በአማካይ 9.6 ሰው ቢደርስ፣ በመደበኛው የወረፋ ቀመር መሠረት እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ይጠብቃል። 11.4 ሰው ቢመጣ ጥበቃው 95 ደቂቃ ይሆናል። በሰዓት ሁለት ሰው እንኳ ሳይጨመር ከ20 ወደ 95! አሁን የኤሌክትሮኒክ ካርድ ይምጣ፤ ብዙ ቦታ እንደሚሆነውም ወረቀቱ ሳይቀር ይምጣ። ሠራተኛዋ አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ትጽፋለች፣ 5 ደቂቃው 6 ይሆናል። በሰዓት 9.6 ሰው ለሚመጣበት ለዚያው መስኮት ጥበቃው ከ20 ደቂቃ ወደ 144 ደቂቃ ይዘላል። ሶፍትዌሩ ጥፋት የለበትም። የወረቀቱ መዝገብ የሚቆምበት ቀን ሳይቆረጥ መጀመሩ ነው ጉዳቱ።

በተቃራኒው ያንን 5 ደቂቃ ወደ 4 ማውረድ በ11.4ቱ ጊዜ እንኳ ጥበቃውን ከ95 ደቂቃ ወደ 13 ገደማ ያወርደዋል። አንዷ ደቂቃ ከየት ትምጣ? የመድን ደብተርን ውል ሰልፉ ላይ እያሉ አስቀድሞ ከሚያይ ሰው፤ የጠፋ የካርድ ቁጥርን በስም ከመፈለግ በስልክ ቁጥር ከሚፈልግ መዝገብ፤ ክፍያና ካርድን ከመለያየት። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ለአምስት የሥራ ቀን ከእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ጋር አንዲት ብጣሽ ወረቀት አያይዞ በስድስት ቦታ ሰዓት በማስጻፍ ነው፦ በር፣ ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (ታካሚ እንደ ሕመሙ ክብደት የሚለይበት)፣ ሐኪም፣ ላብራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት። የበሩ ሰዓት ካልተጻፈ መለኪያው ይዋሻል፤ ገጠሬው ታካሚ በጠዋቱ አውቶቡስ ወርዶ ከ2 ሰዓት በፊት ውጭ መቆም ይጀምራልና። ወረቀቷ ላይ የሚጽፈውም በዚያ ክፍል የሚሠራው ሰው ራሱ ባይሆን ይመረጣል። የራሱን መዘግየት ራሱ የሚመዘግብ ሰው ሰዓቱን ማሳጠሩ የታወቀ ነው።

«አዲስ መሣሪያ ይገዛ» የሚለውን ደግሞ በቁጥር እንመልሰው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች የተመዘገቡ 112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን ቆጥሮ 38.3 በመቶዎቹ እንደማይሠሩ አግኝቷል። ከዚያ በፊት በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት በ11 አገሮች ካሉ 60 ሆስፒታሎች የመጡ የጥገና ጥያቄዎችን መርምሮ፣ ከተበላሹት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ በመሠረታዊ የሙያ ዕውቀት ብቻ ሊመለሱ እንደሚችሉ አሳይቷል። ፊውዝ፣ የተቆረጠ ገመድ፣ የተደፈነ ማጣሪያ ነው ነገሩ።

ኦክስጅን ኮንሰንትሬተርን እንውሰድ። ማሽኑ አየር ስቦ ዜኦላይት በሚባል ፍሬ ውስጥ ናይትሮጅኑን ያስቀርና 93 በመቶ አካባቢ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ከ82 በመቶ በታች ከወረደ አይታመንም። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጠው 350 ዋት ያህል ይፈልጋል። የሚገድሉት ሦስት ናቸው፦ አቧራ፣ እርጥበት፣ የመብራት መዋዠቅ። የውጭው ማጣሪያ በየሳምንቱ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የሚመለሰው። እርጥቡን የመለሰ ሰው ለዜኦላይቱ እርጥበት ላከለት። ስታቢላይዘር ከሌለው መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፕረሰሩን ያቃጥለዋል፤ በመጥፋቱ ሰዓት ደግሞ ታካሚው አጠገብ የተሞላ ሲሊንደር ከሌለ ማሽኑ ኖረ አልኖረ አንድ ነው። ከፍታም አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። አንዳንድ አምራች ሙሉ አቅሙን እስከ 2,000 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ባሕር ዳር ላይ ተፈትኖ «አለፈ» የተባለ ሞዴል ደብረ ታቦር ሲሄድ እንደገና በኦክስጅን መለኪያ መፈተሽ አለበት። ለሁሉም ሆስፒታል በአንድ ጨረታ አንድ ሞዴል ይገዛ የሚሉት ጸሐፊ ይህን አላነሱትም።

የኤሌክትሪክ ባጃጁን ሐሳብ በመርህ አንቃወምም። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ጉዞው አጭር ነው፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 ነዳጅ የሚያነዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፣ አቅጣጫው ታውቋል። ችግሩ «በአንድ ዓመት፣ በሙሉ» የሚለው ነው። 72 ቮልትና 100 አምፒር ሰዓት ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት የሚሠራበት 3.6 ነው። ባጃጅ በኪሎ ሜትር 65 ዋት ሰዓት ያህል ከበላ 55 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሹፌሩ በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ከሆነ ባትሪውን እስከ ጥግ ያሟጥጠዋል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ይሞትና የባትሪው ዋጋ የነዳጁን ትርፍ ይበላዋል። የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ባትሪ 80 በመቶው ስለሚሠራበት ወደ 89 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ረጅም ዕድሜም አለው፤ መነሻ ዋጋው ግን ይከብዳል። የቱ እንደሚያዋጣ የሚወስነው የሹፌሩ የቀን ኪሎ ሜትር ነው። ይህንንም 30 ባጃጆች ላይ ለሁለት ሳምንት የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸውን ጠዋትና ማታ በስልክ ፎቶ በማንሳት ማወቅ ይቻላል። ቻርጀሩ አንድ ኪሎ ዋት ከምናምን ይስባል፤ 3.5 ኪሎ ዋት ከሚስበው የእንጀራ ምጣድ ሲሶ ያህል መሆኑ ነው። ብቻውን ቀላል ነው። 50ዎቹ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ምጣዱ በተጣደበት ሰፈር፣ ከአንድ ትራንስፎርመር ሲሰኩ ግን 60 ኪሎ ዋት ይጨምራሉ። ያረጀው የእርሳስ ባትሪ ወዴት እንደሚሄድም አሁኑኑ ይነገር፤ ከተማዋ ሐይቅ ዳር ናት።

የመጨረሻው የዓሣው መተግበሪያ ነው። ጸሐፊው አስጋሪው ድሃ የሆነው ገዥ ስላላገኘ ነው ብለው ያምናሉ። በሁዳዴ ሰሞን ወደቡ ላይ የቆመ ሰው ግን ገዥ ሲጠፋ አያይም፤ የሚጠፋው በረዶ ነው። 100 ኪሎ ቆሮሶ ከ25 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ በንድፈ ሐሳብ 27 ኪሎ ያህል በረዶ ይበቃል። ሙቀት በሳጥኑ ግድግዳ ስለሚገባና መንገዱ ረጅም ስለሆነ ግን ባለሙያዎች የሚመክሩት አንድ ለአንድ ነው፦ ለ100 ኪሎ ዓሣ 100 ኪሎ የተፈጨ በረዶ፣ ከሥር ውኃው የሚወጣበት ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በየንብርብሩ። በትልልቁ የተሰበረ በረዶ ዓሣውን በነጥብ ብቻ ይነካዋል፣ ቆዳውንም ያቆስላል። ሳይፈላ ወይም ሳይታከም ከሐይቁ የተቀዳ ውኃ የተሠራበት በረዶ ደግሞ ጀርሙን ይዞ ይጓዛል። እዚያው ወደቡ ላይ ሥጋውን አውጥቶ መላክም ሌላ መንገድ ነው፤ ከቆሮሶ የሚገኘው ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ስለሆነ በረዶውና የመኪናው ቦታ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ትርፍራፊው ግን መልሶ ሐይቅ ዳር መጣል የለበትም።

መተግበሪያው ገበያውን ቢያሰፋስ ምን ይሆናል? መልሱ ጣና ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ለድሃው አስጋሪ ተብሎ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። የደንገል ታንኳ ከዳር የማያልፍበትን ውኃ ሞተሩ ደረሰበት፤ ምርቱ ጨመረ፣ ገቢውም ጨመረ። ነገር ግን በጣና ብቻ የሚገኙት ነጭ ዓሦች በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ መሰል ወንዞች ሲወጡ፣ መረቡ አፉ ላይ ጠበቃቸው፤ በ1990ዎቹ ውስጥ ክምችታቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። ያንን ያወቅነው በዚያው አሥርት ዓመት ዓሣውን በየዓይነቱ እየመዘኑ የመዘገቡ ተመራማሪዎች ስለነበሩ ነው፤ ጸሐፊው መደርደሪያ ላይ ያለ ያሉት ምርምር ይኸው ነው። እንግዲህ መተግበሪያው ይሠራ ከተባለ ከበረዶው ፋብሪካ በኋላ ይሠራ፤ የሽያጭ ቅጹ ላይም የዓሣው ዓይነት፣ ክብደቱና የተያዘበት ቦታ የግድ የሚሞሉ ይሁኑ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በወንዝ አፍ የተያዘ ነጭ ዓሣ ሲመዘገብ መተግበሪያው ሽያጩን እንዳይቀበል ተደርጎ ይሠራ።